የከተማ ደጅ፤ ስለ ዳንግላና ስለ እንጅባራ መናኸሪያና የሕዝብ መሥሪያ ቤቶች

የአንድ ቤት ጠባይ አስቀድሞ የሚታወቀው በእልፍኙ ምንጣፍ ወይም በግብሩ ብዛት አይደለም፤ በደጁ ነው። ደጁ የተጠረገ፥ በረኛውም ትሑት የሆነ እንደ ሆነ እንግዳው ገና ሳይገባ ልቡ ያርፋል። ደጁ የጨቀየ፥ በረኛውም የሚያመናጭቅ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ውስጡ ምንም ያህል ቢያምር እንግዳው አገሩ ገብቶ የሚያወራው የደጁን ነገር ነው። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ማለታቸውም ስለዚሁ ነው። በዚህ በቤተ ሰብ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ እንግዳ አቀባበል ብዙ ጊዜ እንነጋገራለን። ዛሬ ደግሞ ከግል ቤታችን ደጅ ወጣ ብለን የሁላችን ስለ ሆነው ደጅ፥ ይኸውም በከተማ መካከል ስለሚገኙት ስለ መናኸሪያውና ስለ ሕዝብ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ነገር ለመናገር እንወዳለን። ምሳሌአችንም በአዊ ያሉት ሁለቱ ከተሞች፥ ዳንግላና እንጅባራ ናቸው።

ደጅ የሚለው ቃል በአገራችን ክብር ያለው ቃል ነው። ከቀድሞ ማዕርጎቻችን አንዱ ደጃዝማች መባሉ «የደጅ አዝማች» ከማለት የመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ደጀ ሰላም አላት፤ ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱና ምእመናኑ፥ ችግረኛውም ጭምር፥ በአንድነት ተቀምጠው እህል ውሃ የሚቀምሱበት ስፍራ ነው። ጉዳይ ያለው ሰውም ወደ ጌታ ቤት ሄዶ ደጅ ይጠና ነበር። ይህ ደጅ ጥናት አንዳንድ ጊዜ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜ ወር፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመት የሚፈጅ በመሆኑ ብዙ ሰው ስንቁንና ዕድሜውን ጨርሶበታል። ነገር ግን ነቀፋው የበዛ ቢሆንም ሁለት ማለፊያ ነገር ነበረው። አንደኛው፥ ደጅ ጠኚው የሚቆምበትን ስፍራ ያውቅ ነበር። ሁለተኛው፥ አጋፋሪ የሚባል ሹም ስለ ነበረ፥ የመጣው ሰው ማን እንደ ሆነና ስለ ምን እንደ መጣ ጠይቆ ለጌታው ይነግራል፤ የጌታውንም ቃል ለደጅ ጠኚው ይመልሳል። ክፋቱ የአጋፋሪውን ፊት ለማግኘት መማለጃ ማስፈለጉ ነበር።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ከአንድ ደጅ ወደ ብዙ ደጅ መከፈል ጀመረ። በ1901 ዓ.ም ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በ1886 ዓ.ም ውሉ የተፈቀደው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ደረሰ። በ1922 ዓ.ም የተመረቀውንና እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታየውን የአዲስ አበባ ጣቢያ ሕዝቡ ከፈረንሳይኛው ቃል ወስዶ ለገሐር አለው። በዚህ ጊዜ የመጠበቅ ነገር ፈጽሞ ተለወጠ። በባቡር ጣቢያ አጋፋሪ የለም፤ ቲኬት የቈረጠ ሁሉ ይሳፈራል። የአንደኛ ማዕርግና የሦስተኛ ማዕርግ ወንበር ቢለያይም፥ ባቡሩ ለመኳንንቱም ለነጋዴውም በአንድ ሰዓት ይነሣል። ከዚያም በኋላ አውቶቡስ በመጣ ጊዜ፥ ሕዝቡ በመርካቶ ያለውን መነሻ «አውቶቡስ ተራ» ብሎ ጠራው። ተራ ማለት ረድፍም ነው፥ ወረፋም ነው። ቀድሞ በትውልድና በሹመት ይገኝ የነበረው ቅድሚያ በተራ የሚገኝ ሆነ ማለት ነው። ይህ ታላቅ ነገር ሆኖ ሳለ ስለ ለመድነው ብዙ ጊዜ አናስተውለውም።

እንግዲህ ወደ አዊ እንሂድ። ዳንግላ ከባሕር ዳር በደቡብ ምዕራብ በኩል 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ እንጅባራ ደግሞ ከዳንግላ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ሁለቱም ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የተቀመጡ ናቸው። ዳንግላ በታሪክ ቀድማ የታወቀች ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንሲል የነበረው ሮበርት ቺዝማን መቀመጫው በዚያ ነበር፤ ከዚያም እየተነሣ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ ተመልክቶ በ1936 መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ዘመን መንገደኛው በበቅሎና በእግር ይሄድ ስለ ነበር፥ መናኸሪያው የዛፍ ጥላና የሰው ቤት ነበር። በ1933 ዓ.ም የነጻነት ዘመቻ ጊዜ የጣልያን ጦር ዳንግላን ለቆ ወጣ፤ የነጻነቱም ሠራዊት በእንጅባራ በኩል ወደ ቡሬና ወደ ደብረ ማርቆስ አለፈ።

እንጅባራ፥ በሌላ ስሟ ኮሶበር፥ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። ከአውራው ጐዳና ወደ ምዕራብ፥ በቻግኒ በኩል እስከ ጉባ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለውም ከእርሷ ነው። ስለዚህ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በየብስ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በእርሷ ነው። ሥራውን በ2010 ዓ.ም የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ አገር ወጣቶችን ይጠራል። በየዓመቱም ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን ሲያከብሩ ከሰባት ቤት አገውም ከሌላው አገርም ብዙ ሕዝብ ይጎርፋል። እንዲህ ያለ ከተማ መንገድ የወለደው ከተማ ነው። ግንቡ፥ ሆቴሉና ሱቁ ሁሉ ከመንገደኛው የተነሣ የቆመ ነውና፥ መንገደኛውን የሚቀበልበት ደጅ እንደምን ያለ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ስለ መናኸሪያና ስለ መሥሪያ ቤት በአንድነት የምንናገርበት ምክንያት አለን። በትልቅ ከተማ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ይረግጣል። ለምሳሌ ያህል ከአንከሻ በኩል ሕፃን አዝላ ወደ እንጅባራ የመጣች አንዲት እናት እናስብ። ልጇን ለሐኪም ማሳየት አለባት፤ ደግሞም በወረዳ ስለ ተፈረደባት የመሬት ነገር ይግባኝ ልትጠይቅ ትፈልጋለች። ከንጋት ተነሥታ፥ ጧት በሦስት ሰዓት ከመኪና ትወርዳለች። የምትሄድበትን ቤት የሚነግራት ጽሕፈት የለም፤ ቢኖርም ማንበብ አልተማረች ይሆናል። ጠይቃ ጠይቃ መሥሪያ ቤቱን ታገኛለች፤ ከመዝጊያውም አጠገብ ከሌሎች ጋራ ትቆማለች። ጉዳዩን የያዘው ጸሓፊ በዚያን ቀን እንደማይገባ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ወጥቶ የሚናገር የለም። በዘጠኝ ሰዓት «ነገ ነይ» ትባላለች። ወደ መናኸሪያው ስትመለስ ወደ አገሯ የሚሄደው መኪና ተነሥቷል።

ክቡራን አንባብያን፥ ይህች ሴት የጠፋባት ምን ያህል እንደ ሆነ ቈጥረን እንየው። የአንድ ሌሊት የመኝታ ገንዘብ፥ የራትና የቍርስ ገንዘብ፥ ነገም ዳግመኛ የምትከፍለው የመኪና ገንዘብ አለ። በቤቷ ያልታለበች ላም፥ እናታቸውን የሚጠብቁ ልጆችም አሉ። ልጇንም ለሐኪም ለማሳየት የነበራት ጊዜ በመዝጊያ ፊት አልፏል። ይህን ሁሉ የሚያድነው ጧት በሦስት ሰዓት የሚነገር አንድ ቃል ብቻ ነበር። ለከተማው ሰው «ነገ ና» ማለት የአንድ መንደር መንገድ ነው፤ ከሩቅ ለመጣው ግን የሳምንት ኑሮው ነው። ስለዚህ በደጅ የመጠበቅ ዕዳ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ከሁሉ ይልቅ ርቆ በመጣውና ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ ባነሰው ሰው ላይ ነው። የከተማን ደጅ ማሳመር የጌጥ ነገር ብቻ ያልሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአንድ ከተማ ደጅ አራት ነገር ቢሟላለት መልካም ደጅ ይባላል።

የመጀመሪያው ጣራና መቀመጫ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለች ደጋ ናት፤ የዳንግላም ከፍታ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናሙ ብርቱ ነው፤ በበጋም የንጋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። መኪና በማለዳ የሚነሣ ስለ ሆነ፥ መንገደኛው ብርዱ በበረታበት ሰዓት ከውጭ ይቆማል። የአዊ ደጋ ደግሞ በቀርከሃ የታወቀ ነው፤ የእንጅባራም ባለ እጆች ወንበሩንና አልጋውን ከዚያው ከቀርከሃ ይሠራሉ። እንግዲህ የመናኸሪያና የመሥሪያ ቤት መቀመጫ ከሩቅ አገር በብዙ ገንዘብ መምጣት የለበትም። ቀርከሃ ዝናም ሲመታውና እግሩ አፈር ሲነካ ፈጥኖ ይበሰብሳልና፥ ከጣራ በታች በድንጋይ መሠረት ላይ ቢቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ገንዘቡም እዚያው ላገሩ ባለ እጅ ይቀራል።

ሁለተኛው ውሃና መጸዳጃ ነው። ይህን በቤተ ሰብ ገጽ ለመናገር የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ብዙ ሴቶች መንገድ በሚሄዱበት ቀን እየጠማቸው ሳይጠጡ የሚውሉት ክብራቸውን ጠብቀው የሚገቡበት ስፍራ ባለማግኘታቸው ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት እንዲህ ስትውል ጤናዋን ትጎዳለች። መጸዳጃ ቤት ሠርቶ መተው ግን አልሠሩትም ከማለት ይቈጠራል። ቍልፉን የሚይዝ፥ ውሃውን የሚያመላልስ፥ ደመወዙም ባጀት የተያዘለት አንድ ሰው ያስፈልጋል። የሴቶቹም ከወንዶቹ ፈጽሞ የተለየ፥ መዝጊያውም ከውስጥ የሚዘጋ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ሰሌዳ ነው። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ፥ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፥ ዋጋውም ስንት እንደ ሆነ በግልጥ ይጻፍ። በመሥሪያ ቤትም በየመዝጊያው ላይ የሹሙ ማዕርግ ብቻ ሳይሆን በዚያ ክፍል የሚፈጸመው ጉዳይ ይጻፍ፤ «የሥራ ሂደት አስተባባሪ» ከሚለው ይልቅ «የመሬት ይግባኝ እዚህ ይቀርባል» የሚለው ለባላገሩ ይጠቅመዋል። ጽሕፈቱም በአማርኛና በአዊኛ ቢሆን የሚገባ ነው፤ በአዊ ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች ልባቸውን የሚገልጡት በአገውኛቸው ሲሆን፥ ልጆቻቸውም በትምህርት ቤት ይማሩበታል። ማንበብ የማያውቅ አባት ከልጁ ጋራ ሲመጣ ልጁ በእናቱ ቋንቋ አንብቦለት ሲረዳው፥ ትምህርት ምን እንደሚጠቅም ያን ጊዜ ያያል።

አራተኛው፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ሰው ነው። የቀድሞውን አጋፋሪ ያለ መማለጃ ልንመልሰው ይገባል። በመናኸሪያው አንድ፥ በያንዳንዱም ታላቅ መሥሪያ ቤት አንድ፥ አማርኛና አዊኛ የሚያውቅ፥ ፊቱ የማይጠቍር ሰው በደጅ ይቀመጥ። ሥራው የመጣውን ሰው ወዴት እንደሚሄድ መምራት፥ ሹሙ የሌለ እንደ ሆነም ጧት በጊዜ «ዛሬ አይገባም፤ በዚህ ቀን ተመለሱ» ብሎ መናገር ነው። ይህንም ቃል ከቀን ቍጥር ጋራ በወረቀት ቢሰጥ የተሻለ ነው፤ በቀጠሮው ቀን ተመልሶ የመጣ ሰው እንደ አዲስ ከኋላ እንዳይሰለፍ ይረዳዋል። ይህ ሁሉ ግንብ አያሻውም።

ደጅ ሲሠራ ስፍራውም ይታሰብበት። የቀድሞው ለገሐር ከከተማው መካከል የቆመ ነው። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ዋና ጣቢያው በከተማው ዳር በለቡ በኩል ስለ ሆነ፥ መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ሌላ መኪና መፈለግ ግድ ሆኖበታል። ሐዲዱ የሚሄድበት መስመር የራሱ ምክንያት አለው። በክፍለ አገር ከተሞች ግን መናኸሪያን ከገበያ፥ ከሆስፒታልና ከመሥሪያ ቤት አርቆ መሥራት የሚታሰብ ሲሆን፥ መሐንዲሱ ስለ መኪናው መዞሪያ እንደሚያስብ ሁሉ፥ ሕፃን ስላዘለችው እናት እግርም ማሰብ ይገባዋል። በዓለም ከታወቁት ጣቢያዎች አንዱ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 የተከፈተው የኒው ዮርክ ታላቁ ማዕከላዊ ጣቢያ፥ በእብነ በረዱና በጣራው ሥዕል ይመሰገናል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኛን የሚያስተምረን ግን ሌላ ነገር ነው። የሠሩት ሰዎች ሻንጣ የያዘ፥ ያረጀም ሰው ሳይቸገር እንዲያልፍ፥ በብዙ ስፍራ ደረጃውን ትተው ቀስ ብሎ የሚወርድ ለስላሳ መንገድ አደረጉለት። የዚያ ጣቢያ ሀብት በእጃችን ባይኖር፥ ይህን አሳብ ከእርሱ መውሰድ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንዳንድ ሰው «ደጅ መጥናት ትዕግሥትን ያስተምራል፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ኖረዋል» ይል ይሆናል። ትዕግሥት በእውነት ታላቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ትዕግሥትን የሚያስተምር መጠበቅ መጨረሻው የሚታወቅ መጠበቅ ነው። ገበሬ ዘርቶ አዝመራውን ይጠብቃል፤ ወሩን ያውቀዋልና። መጨረሻው ሳይነገረው በመዝጊያ ፊት የሚውል ሰው የሚማረው ግን ሌላ ነው፤ ዘመድ መፈለግን፥ እጅ መንሻ ማዘጋጀትን፥ በመጨረሻም ሹምንና መንግሥትን መጥላትን ይማራል። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት የጊዜ ማጣት ብቻ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። መሥሪያ ቤቱን የሚሠራው መንግሥት ቢሆን፥ ጠባዩን የሚሠራው ቤተ ሰብ ነው። በመናኸሪያ የሚጋፋው፥ የብርቱካን ልጣጭ በመቀመጫው ሥር የሚጥለው፥ ሽማግሌ ቆሞ እርሱ ተቀምጦ የሚስቀው ወጣት ከሰማይ አልወረደም፤ ከአንዳችን ቤት የወጣ ነው። እንግዲህ እናቶችና አባቶች ልጆቻችሁን ወደ መናኸሪያ ይዛችሁ በሄዳችሁ ጊዜ ይህን አስተምሯቸው። ወረፋ ያዙ በሏቸው፤ ለነፍሰ ጡር፥ ለሽማግሌና ለሕመምተኛ ተነሡ በሏቸው፤ ቍሻሻቸውን ይዘው እስከሚጣልበት ስፍራ እንዲሄዱ አድርጓቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን እናንተው ስታደርጉት ይዩ።

ይልቁንም እኛ፥ ማንበብና ሥልጣን የታደልን ሰዎች፥ አንድ ክፉ ልማድ አለን። ወደ መሥሪያ ቤት ሰው ስንልክ «የእገሌ ቤት ሰው ነኝ በል» እንለዋለን። እርሱም ይህን ቃል ተናግሮ ከጧት ጀምረው የቆሙትን ሠላሳ ሰዎች አልፎ ይገባል። እኛ ሩብ ሰዓት አተረፍን፤ ያቺ ከአንከሻ የመጣች እናት ግን ምናልባት በዚያች ሩብ ሰዓት መኪናዋን አጣች። ልጃችንም በአጠገባችን ቆሞ ይህን ካየ፥ ተራ የሚባለው ነገር ለድኻ ብቻ የተሠራ እንደ ሆነ ተምሮ ያድጋል። ነገ እርሱ ሹም በሆነ ጊዜ መዝጊያውን እንዴት እንደሚዘጋ ያስተማርነው እኛ ነን ማለት ነው።

ስለዚህ በዳንግላና በእንጅባራ፥ በሌላውም ከተማ ሁሉ በሕዝብ ሥራ ላይ ያላችሁ ክቡራን፥ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከሥራችሁ ቀን አንዱን መርጣችሁ፥ ማንነታችሁን ሳትገልጡ በገዛ መሥሪያ ቤታችሁ ደጅ ባለው መቀመጫ ላይ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተቀመጡ። መቀመጫ ከሌለውም እንደ ሌላው ሰው ቁሙ። ከዚያ በኋላ ወደ መናኸሪያው ውረዱና ወደ ቻግኒ የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ በዚያ የሚያገለግለውን ሰው ጠይቁ። የቤት እመቤቶችም እንግዳ በሚቀበሉበት ዐይን ደጁን አይተው የጎደለውን ቢነግሯችሁ አትቈጡ፤ በቤት ውስጥ ያለውን ጉድለት አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸውና። ያን ጊዜ አስቀድሞ የሚሠራው ጣራው ይሁን ወይም ሰሌዳው፥ ወይም አንድ ትሑት ሰው በደጅ ማስቀመጥ ይሁን፥ እናንተው ታውቁታላችሁ። ክረምቱ ሳይገባ መጀመር ይገባል።